«ታየ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስለ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና በፔሮቭስካይት ኦክሳይዶች ውስጥ ስለሚደረገው የሥርዓት ሽግግር የቀረበ ትችት

በቅርቡ በተደረገው የተማሪዎች የውይይት ጉባኤ አንድ ጓደኛችን ስለ ማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ንግግር ባደረገ ጊዜ፣ በ1998 «ኔቸር» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የወጣ አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ አሳይቶ፣ «እነሆ፣ በዓይን ታየ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ክርክር የለም» ሲል ንግግሩን ደመደመ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፉን ራሱንና እርሱን ተከትለው የወጡትን አገላብጬ ባነብ፣ ጭብጨባዬ የችኮላ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ይህን ትችት ለማቅረብ ያነሣሣኝ ጓደኛችንን የመንቀፍ ፍላጎት አይደለም፤ ንግግሩ ግልጽና የተደከመበት ነበረ። ያነሣሣኝ «ታየ» የሚለው ቃል ነው። መሣሪያው በእጃችን የሌለ፣ የሩቅ አገር ሊቃውንት ድካም በታተመ ሥዕል ብቻ የሚደርሰን እኛ፣ ሥዕሉን መመርመር ካልቻልን የሌላውን አድናቆት ከመድገም በቀር የምናደርገው የለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ለሁሉም አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ከስሙ ልጀምር። ፔሮቭስካይት በመጀመሪያ የአንድ ማዕድን ስም ነበረ። በ1839 ጉስታቭ ሮዘ የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ ከኡራል ተራሮች የመጣውን የካልሲየምና የቲታኒየም ኦክሳይድ መርምረው፣ በሩሲያዊው ባለሥልጣን በሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ሰየሙት። ዛሬ ስሙ የትልቅ ቤተሰብ ስም ሆኗል። በመካከል አንድ የብረታ ብረት አቶም፣ በዙሪያው ስድስት የኦክሲጅን አቶሞች ሆነው ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይሠራሉ፤ ቅርጾቹም ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው በሦስቱም አቅጣጫ ይዘረጋሉ። በ1957ና በ1958 ራድልስደንና ፖፐር ይህ ሕንጻ በፎቅ በፎቅ ተከፍሎ፣ በፎቆቹም መካከል እንደ ገበታ ጨው ክሪስታል የተደረደረ ንጣፍ ገብቶበት ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ንብርብር ፔሮቭስካይት የምንለው ይህን ነው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር ዓለምን ያስደነቀውን ሱፐርኮንዳክተር ያገኙት፣ በማግሥቱም ዓመት የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉበት፣ ከዚሁ ዘር በሆነ የላንታነም፣ የባርየምና የመዳብ ኦክሳይድ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ አይቀዘቅዝም። አንዳንዴ ቅርጾቹ ዘመም ይላሉ፤ አንዳንዴም ከአቶም ወደ አቶም ሲሯሯጡ የነበሩት ኤሌክትሮኖች በተወሰነ ሙቀት ላይ ቆመው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህ ሁለተኛው የቻርጅ ሥርዓት ይባላል፤ በ1939 ፈርዋይ የተባሉት የሆላንድ ሊቅ በማግኔታይት ውስጥ በ120 ኬልቪን አካባቢ የሚደረገውን ለውጥ ያስረዱት በዚህ አሳብ ነበር። የማንጋኒዝ ኦክሳይዶችም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ላንታነም በካልሲየም ወይም በስትሮንሽየም በከፊል ሲተካ፣ ከማንጋኒዞቹ አንዳንዶቹ ባለ 3፣ አንዳንዶቹ ባለ 4 ቻርጅ እንደሆኑ ይቈጠራል። ባለ 3ቱ ዙሪያውን ያሉትን ኦክሲጅኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ ባለ 4ቱ አይገፋም። ሙቀቱ ሲወርድ ባለ 3ቱ በመስመር በመስመር ይሰለፋሉ። እንግዲህ ጥያቄው፣ መስመሮቹ እንዴት ተሰልፈው ይቆማሉ? የሚል ነው።

ይህን ለማየት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን የሚያህል የሚያጓጓ መሣሪያ የለም። ክኖልና ሩስካ በ1931 ከሠሩት ከመጀመሪያው መሣሪያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። በ200 ሺህ ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን የሞገዱ ርዝመት ወደ 2.5 ፒኮሜትር ነው፤ በፔሮቭስካይት ውስጥ ከአንዱ ብረት አቶም እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት ግን 390 ፒኮሜትር ያህል ነው። በሞገዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አቶምን ማየት ቀላል በሆነ ነበር፤ ችግሩ ያለው በሌንሱ ነው። የሌንሱን ጉድለት የሚያርም መሣሪያ ሃይደርና ባልደረቦቻቸው ያስተዋወቁት በ1998፣ ጓደኛችን ያሳየን ሥዕል በወጣበት በዚያው ዓመትና በዚያው መጽሔት መሆኑ የሚገርም ነው። ስለዚህ ያ ሥዕል የተነሣው እርማት በሌለው ሌንስ ነበር።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ምስክርነት ይሰጣል። አንደኛው የነጥብ ንድፍ ነው፤ ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ አልፎ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ተበትኖ ነጥቦችን ይጥላል፤ ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝና አዲስ ሥርዓት ሲፈጠር በዋናዎቹ ነጥቦች መካከል ደካማ አዳዲስ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ሁለተኛው ሥዕሉ ራሱ ነው፤ ይኸውም የተበተኑት ጨረሮች እንደገና ተገናኝተው የሚሠሩት የብርሃንና የጥላ መስመር ነው። ከነጥቦቹ ቦታ የምንማረው ሥርዓቱ በምን ያህል ርቀት እንደሚደገም ነው። በድግግሞሹ ውስጥ አቶሞቹ እንዴት እንደ ተቀመጡ የሚነግረን ግን የነጥቦቹ ድምቀት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያውን ከመተቸቴ በፊት ግን ክብሩን ልስጠው። በ1977 ቲሊ የስትሮንሽየምንና የቲታኒየምን ንብርብር ኦክሳይዶች በዚህ ማይክሮስኮፕ በመረመሩ ጊዜ፣ ፎቆቹ ሁልጊዜ እኩል ውፍረት እንደሌላቸው፣ ባለ ሁለቱና ባለ ሦስቱ እርስ በርሱ ተቀላቅሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። የራጅ ጨረር የብዙ ሚሊዮን ፎቆችን አማካይ ብቻ ስለሚያይ ይህን ሊናገር አይችልም። በ1993ም ቼን፣ ቺዮንግና ኩፐር ስትሮንሽየም በገባበት የላንታነምና የኒኬል ንብርብር ኦክሳይድ ላይ ደካማዎቹን ነጥቦች በኤሌክትሮን አግኝተው፣ በውስጡ ቻርጅ እየተሰለፈ መሆኑን አመለከቱ። ያን ጊዜ የተናገሩት በመጠን ነበር። በማግሥቱ ዓመት እነ ትራንኳዳ በኒውትሮን በዚሁ ቤተሰብ ላይ የማግኔቱንና የቻርጁን ሥርዓት አንድ ላይ አሳዩ፤ በ1995 ደግሞ ተመሳሳዩን በመዳብ ኦክሳይድ ላይ አገኙ። ኤሌክትሮኑ መንገዱን ጠቆመ፤ ማግኔቱን ግን በዚያ መንገድ ሊያይ አልቻለም፤ ያንን ያየው ኒውትሮኑ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። ግማሹ ማንጋኒዝ ባለ 3፣ ግማሹ ባለ 4 በሆነበት ባለ አንድ ፎቅ የላንታነም፣ የስትሮንሽየምና የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ውስጥ፣ ከ217 ኬልቪን በታች ሁለቱ ዓይነት ማንጋኒዞች እንደ ዳማ ገበታ ይቀያየራሉ። እነ ስተርንሊብ በ1996 በኒውትሮን ያገኙት የዳማውን ድግግሞሽ ነበር። የኤሌክትሮን ነጥብ ንድፍ ግን ከዚያ እጥፍ የሚረዝም ድግግሞሽ ይሰጥ ነበር። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። በ1998 እነ ሙራካሚ ጕልበቱን ለማንጋኒዝ በለኩት የራጅ ጨረር ሁለቱን ለይተው አሳዩ፤ አጭሩ የቻርጁ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ የተዘረጉበት አቅጣጫ በየተራ የሚለዋወጥበት ነው። ደካማውን ነገር ቀድሞ የያዘው ኤሌክትሮኑ ነበር፤ ስሙን ያወጣለት ግን ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ። ሞሪ፣ ቼንና ቺዮንግ በ1998 ያቀረቡት ጽሑፍ ንብርብር ስላልሆነው ስለ ላንታነም፣ ካልሲየምና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ለንብርብሮቹም አንድ ነው። ካልሲየሙ ሁለት ሦስተኛውን ቦታ ሲይዝ፣ ከሦስት ማንጋኒዞች አንዱ ብቻ ባለ 3 ይሆናል። ክሪስታሉ ከክፍል ሙቀት በታች ሲቀዘቅዝ አዲሱ ሥርዓት በየ16.5 አንግስትሮም ገደማ ይደገማል። በሥዕላቸው ላይ መስመሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመው ታዩ፤ በአንዱ ጥንድና በሌላው መካከልም ሰፊ ቦታ ነበረ። ከዚህ ተነሥተው ባለ 3 ማንጋኒዞች መስመር ሁለት ሁለት እየሆነ ይጣመራል ብለው ደመደሙ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው መስመሮች እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ አይሳሳቡም፤ ዊግነር በ1934 ኤሌክትሮኖች በክሪስታል ሥርዓት ሊሰለፉ እንደሚችሉ ሲያስተምሩ ያሳቡት፣ አንዱ ከሌላው የተቻለውን ያህል ርቆ ሲቆም ነው። ጥንዱ እውነት ከሆነ አንድ የማይታወቅ የሚስብ ኃይል አለ ማለት ነው። የንድፈ አሳብ ሊቃውንትም ያንን ኃይል ለማግኘት ብዙ ወረቀት ጻፉ።

ሁለቱን አሳብ ለማነጻጸር ወደ ሸማኔ ልሂድ። አንድ ሸማኔ ሁለት መቀነት ይሠራል እንበል። በሁለቱም ላይ ጥለቱ በየስድስት ክር ይደገማል፤ ከስድስቱም ክር ሁለቱ ቀይ፣ አራቱ ነጭ ናቸው፤ ከቀዮቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ የተከረረ ነው። በመጀመሪያው መቀነት ቀዮቹ እኩል ተራርቀዋል፤ ቀይ፣ ሁለት ነጭ፣ ቀይ፣ ሁለት ነጭ። በሁለተኛው ተቀራርበዋል፤ ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ ቀይ፣ ሦስት ነጭ። በመጀመሪያው ላይ የክሩ ክርክሪት ባይለያይ ኖሮ ጥለቱ በየሦስት ክር በተደገመ ነበር፤ ስለሚለያይ ግን እርሱም በየስድስቱ ይደገማል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ጥለቱ በስንት ክር እንደሚደገም ለካሁ» ቢለን፣ መቀነቱ የትኛው እንደሆነ ልናውቅ አንችልም። የነጥቦቹ ቦታ የሚነግረን ይህንኑ ብቻ ነው። ጥንድም ቢሆኑ፣ እኩልም ቢራራቁ፣ ነጥቦቹ በዚያው ቦታ ይወድቃሉ፤ የሚለየው ድምቀታቸው ነው።

በኤሌክትሮን ደግሞ ድምቀቱ አስቸጋሪ ነው። ኤሌክትሮን ከአቶም ጋር በኃይል ስለሚጋጭ፣ አንድ ጊዜ ተበትኖ ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይበተናል። በዚህ ምክንያት በነጠላ ብተና ደካማ መሆን የሚገባው ነጥብ ጠንክሮ፣ ጠንካራው ደክሞ ሊታይ ይችላል። የራጅና የኒውትሮን ጨረሮች ይህ ችግር እጅግ ያንስባቸዋል። ሥዕሉም ከነጥቦቹ የተሠራ ስለሆነ ችግሩን ይወርሳል፤ የናሙናው ውፍረት በጥቂት ናኖሜትር ሲለወጥ፣ ወይም የሌንሱ ትኩረት ትንሽ ሲዛወር፣ ጥቁር የነበረው መስመር ነጭ ይሆናል፤ እኩል የነበሩት መስመሮች ጥንድ መስለው ይታያሉ። በሥዕሉ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ባለ 3 ማንጋኒዝ ነው ብሎ ለመናገር፣ ውፍረቱንና ትኩረቱን አውቆ፣ ለሁለቱም አሳብ ሥዕሉ እንዴት መምሰል እንዳለበት አስልቶ ማወዳደር ግድ ነው። የመስመሩ ጥቁረትም ቢሆን በአብዛኛው የመጣው ከቻርጁ ሳይሆን ከአቶሞቹ መፈናቀል ነው። ቻርጁ ከመፈናቀሉ በአሳብ የተወሰደ ነው፤ ባለ 3 እና ባለ 4 በሚባሉት መካከል ያለውም ልዩነት ከአንድ ሙሉ ኤሌክትሮን እጅግ ያነሰ መሆኑ በኋላ ታውቋል።

በተለይ እኔን ያሳሰበኝ፣ በጉባኤው ግን ማንም ያልጠየቀው አንድ ነገር አለ። ናሙናው በተራ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚቀመጠው በዋናው ሌንስ ማግኔት መካከል ነው፤ በዚያ ቦታ ያለው የማግኔት መስክ ወደ 2 ቴስላ ይደርሳል። የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች ዝነኛ የሆኑት ደግሞ በማግኔት መስክ ጠባያቸው በመለወጡ ነው! ለማግኔቱ በቀላሉ በሚሸነፉት ድብልቆች ላይ፣ የምንመረምረው በተፈጥሮ ያለውን ክሪስታል ነው ወይስ ሌንሱ የለወጠውን? ስለዚህ ማግኔታዊውን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ዋናውን ሌንስ አጥፍተው ይሠራሉ። በዚህ ላይ ናሙናው በጣም ቀጭን መሆኑን፣ ለማቅጠን በአየን መደብደቡን፣ ጨረሩም ኦክሲጅን ሊያወጣበት መቻሉን ብንጨምር፣ በሥዕሉ ግርጌ አንድ መስመር ማብራሪያ አይበቃም።

የተከተለው ነገር እንዲህ ነው። በ1999 ራዳኤሊ፣ ኮክስ፣ ካፖኛ፣ ቺዮንግና ማሬዚዮ ያንኑ ድብልቅ በራጅና በኒውትሮን መርምረው፣ ድምቀቶቹን በሁለቱም አሳብ አስልተው፣ እኩል የተራራቁት መስመሮች እንደሚስማሙ፣ ጥንዶቹ ግን እንደማይስማሙ አስታወቁ። አንባቢ ስሞቹን ልብ ይበል፤ ቺዮንግ ጥንዱን ካቀረቡት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የራስን ናሙናና የራስን ስም ለሚቃወም ምርመራ መስጠት ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው፤ ጓደኛችን ቢያሳየን የምመርጠው ሥዕሉን ሳይሆን ይህን የደራስያን ዝርዝር ነበር። በ2000 ደግሞ በብሩክሄቨን የሚሠሩት ዋንግ፣ ጉዪ፣ ዡና ሙደንባው በዚያው በኤሌክትሮን መሣሪያ ተመልሰው መጡ፤ ነገር ግን በሥዕል ብቻ ሳይሆን በስሌት ተደግፈው። እነርሱም የእኩል ርቀቱን አሳብ ደገፉ። ስለዚህ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣል አይገባም፤ ያንኑ መሣሪያ በሌላ ጥንቃቄ የያዘ ሰው ሌላ መልስ አግኝቷል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2005 የኬምብሪጁ ላውደንና ባልደረቦቻቸው በ90 ኬልቪን፣ ስፋቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ በሆነ የጠበበ ጨረር የዚህኑ ቤተሰብ ክሪስታል ቦታ በቦታ ለኩ። መስመሮቹ የአቶሞቹን ድርድር ተከትለው አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ የቆሙ ቢሆን ኖሮ ድግግሞሹ ከቦታ ቦታ በተለወጠ ነበር፤ እነርሱ ግን ያገኙት አንድ ወጥ ሞገድ ነው። ከዚህም ቻርጁ ከክሪስታሉ ጋር ያለው ቁርኝት ደካማ ነው፤ «መስመር» የሚለውም አነጋገር እንደገና መታየት አለበት አሉ። በ2018 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኤል ባጋሪ፣ ኩርኩቲስና ባልደረቦቻቸው የቢስመዝ፣ የስትሮንሽየም፣ የካልሲየምና የማንጋኒዝ ኦክሳይድን በክፍል ሙቀትና በ93 ኬልቪን አካባቢ፣ የእያንዳንዱን አቶም ዓምድ መፈናቀል ከ6 እስከ 11 ፒኮሜትር ድረስ እየለኩ ሣሉት። ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ ሥርዓቱ ከክሪስታሉ ጋር ተቆላልፎ የቆመባቸው ስፍራዎች አሉ፤ በመካከላቸው ግን የሞገዱ መዛነፍ ይገባል፤ ነጥቦቹ በሙቀት የሚንቀሳቀሱትም በዚሁ መዛነፍ ምክንያት ነው፤ ቁርኝቱም ብርቱ ነው አሉ።

ታዲያ ማንን እንመን? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን ፊት ለፊት ማጋጨት የሚገባ አይደለም፤ የተመረመረው ድብልቅ ልዩ ልዩ ነው፤ ቢስመዝም በዙሪያው ያለውን ክሪስታል በራሱ ጠባይ የሚያዛባ አቶም ነው። የ2005ቱ ድክመት፣ ጨረሩ ጥቂት ናኖሜትር ስለሚሸፍን ከዚያ ያነሰ መዛነፍ ቢኖር በአማካይ ውስጥ ሊጠፋ መቻሉ ነው። የ2018ቱ ድክመት ደግሞ፣ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች በአንድ ላይ መታየቱ ነው። ብዙ ነጠላ ደራርቦ ለፀሐይ የያዘ ሰው የሚያየው የሁሉንም ጥለት ድምር ነው፤ ከላይኛው አንዱ ቢንሸራተት ጥለቱ ደብዝዞ ይታየዋል እንጂ የቱ እንደ ተንሸራተተ አያውቅም። ሞገዱ በናሙናው ውፍረት ውስጥ ቢዛነፍ፣ ሥዕሉ የሚያሳየን የተዛነፈውን አማካይ ነው። ይሁን እንጂ በ2018ቱ ሥራ የሚመሰገነው ነገር አለ፤ ድምቀትን ትቶ ቦታን ለካ። የአቶም ዓምድ መካከል የት እንደሆነ መለካት፣ መስመሩ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ ብሎ ከመገመት እጅግ የሚሻል ነው፤ በሁለት ሙቀት መለካቱም ሽግግሩን ራሱን እንጂ የሽግግሩን ውጤት ብቻ እንዳናይ አድርጎናል።

ስለ ንብርብሮቹ ይህ ክርክር የበለጠ የሚከብድ ይመስለኛል። በንብርብር ክሪስታል ውስጥ የአንዱ ፎቅ ሥርዓት ከሚቀጥለው ፎቅ ጋር የሚያያዝበት ኃይል ደካማ ነው፤ በየፎቁ መስመሮቹ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ሊዘረጉም ይችላሉ፤ እነ ትራንኳዳ ያጠኑት የመዳብ ኦክሳይድ እንዲህ ነው፤ በአንዱ ፎቅ መስመሩ ወደ አንድ ጎን፣ በሚቀጥለው ወደ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ጨረር ሁለቱን ደርቦ እንደ ወንፊት አድርጎ ያሳያል። ወንፊቱ በየፎቁ ያለ ነው ወይስ ከሁለት ፎቆች የተሠራ? ይህን ለመለየት ናሙናውን አዙሮ ከጎን ማየት፣ ደግሞም ከኒውትሮኑ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጓደኛችንን በዚህ ጉዳይ አነጋግሬዋለሁ። ሥዕሉን አልተወም፤ መተውም የለበትም። በሚቀጥለው ጉባኤ ግን የ1999ኙንና የ2000ውን ጽሑፍ ጨምሮ፣ የናሙናውን ውፍረት፣ የሌንሱን ትኩረትና የተመረመሩትን ስፍራዎች ብዛት ከጽሑፎቹ አውጥቶ ሊያቀርብ ቃል ገብቷል። እኔም ሁለቱን መቀነቶች ይዤ እመጣለሁ።